የቃላት መፍቻ

አዌቱ ድልድይ ጥግ ነው የኔ ጽሕፈት ቤት፤
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ አታሚ፣ የሚጮህ በር፣
ከጎኔ ደግሞ የወንድሜ የሪያድ ጋራዥ።
እሱ በመፍቻው ብሎን ይፈታል፤
ለኔ ዛሬ የመጣልኝ መፍቻ ግን ሌላ ነው፦
የአሜሪካ መንግሥትና ፖለቲካ፣
ሠላሳ ሁለት ቃል፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
ዳሩን ዝናብ በልቶት መሐሉ የተረፈ።

ልጁ ነዚፍ ይባላል፤ ነገ ለመምህሩ ያስረክባል።
«ሲቲና፣ እስከ ማታ ይደርሳል?»
«መብራት ካልሄደ» አልኩት። እንደማይሄድ ማን ያውቃል?

ቬቶ፦ ሁለት ምክር ቤት ተስማምቶ ያጸደቀውን
አንድ ሰው «አይሆንም» ብሎ የሚመልስበት ሥልጣን።
አማቴ ትዝ አሉኝ።
እኔና ባሌ ተስማምተን ወደ ቆጪ ልንገባ፣
ጋሪው ተጭኖ ሳለ፣ በሩ ላይ ቆመው «አይሆንም» አሉ።
በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻራል ይላል መፍቻው።
ሦስት ነበርን በቤቱ፤ ሁለት ሦስተኛ ሞልተን ነበር፤
ባሌ ግን ያን ዕለት ድምፀ ተአቅቦ አደረገ።

ፊሊበስተር፦ ድምፅ እንዳይሰጥበት ንግግር እያስረዘሙ ጊዜ መግደል።
ይሄንንስ ማንም አያስተምረኝ።
የእድራችን ሊቀመንበር አባ ጊሳ
«ሒሳቡ ይመርመር» በተባለ ቁጥር ይነሳሉ፤
ስለ ድንኳኑ ካስማ፣ ስለ ድስቱ ክዳን፣
ስለ ሟች አባታቸው በቅሎ አውርተው አውርተው
መግሪብ አዛን ላይ ያደርሱናል።

የመራጮች ኮሌጅ፦ ዘበኛ የለው፣ ደወል የለው፤
ብዙ ድምፅ ያገኘም የሚወድቅበት ጊዜ አለ።
ሽባ ዳክዬ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ።
የአሳማ በርሜልን በግድግዳው ቀዳዳ ለሪያድ ባነብለት
«አስተግፊሩላህ! እንዲህ ያለ ነገር ጅማ አይገባም» አለ።
«ለየራስ ሰፈር ከጋራ ካዝና የሚጎተት ብር ማለት ነው» አልኩት።
መዶሻው ቆመ።
«እሱስ ገብቷል።»

ሃያ ስድስተኛው ቃል ላይ መብራት ሄደ።
ጣሪያው ላይ ዝናብ፤ ከድልድዩ ሥር አዌቱ እየሞላ።
የተቀመጥኩት አባቴ በጠረበው በርጩማ ነው፣
ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ባለ ሦስት እግር።
ሦስቱ የመንግሥት አካላት፣ ቅድም የተየብኩት፣
ከሥሬ ነበሩ ለካ።
«ባለ አራት እግር ወለል ይመርጣል» ይል ነበር አባቴ፣
«ሦስቱ ጎርበጥባጣ ላይም ይቆማል።
አንዱን አሳጥረህ ከተቀመጥክ ግን ወለሉን አትስደብ።»

በሞባይሌ ብርሃን የቀረውን አነበብኩ።
የሥልጣን ዘመን ገደብ። ምልዓተ ጉባኤ።
ሠላሳ ሁለተኛው፦ ድምፅ።
ትርጉሙ ባዶ ነው፤ ነዚፍ ዘሎታል።
በኛ ቋንቋ አንድ ነው ሁለቱ፦
ከጉሮሮ የሚወጣውም፣
ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ዝም ብሎ የሚወርደውም።
አሥራ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ስተይብ
የኔ የምለው የቁልፉ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነበር።
መብራት ሲመጣ ባዶውን ሞላሁት፤ ለማንም አልተናገርኩ።

እሑድ፣ አባ ጊሳ በቅሎዋን ሊጭኑ ሲሉ
እጄን አወጣሁ።
«የሥልጣን ዘመን ገደብ አለው ወይ ይሄ እድር?»
ድንኳኑ ዝም አለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።
«ምንድነው እሱ? በሚገባን ተናገሪ።»
«በርጩማው የእድሩ ነው፤
መቀመጡ በተራ ነው።»
ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ።
ጸሐፊው ቆጠረና «ምልዓተ ጉባኤ የለም» አለ፤
ለሚመጣው ወር ተቀጠረ።
በቅሎዋ ግን ያን ዕለት ሳትጫን ዋለች።

ሰኞ ነዚፍ ወረቀቱን ይዞ መጣ።
«ሠላሳ ሁለተኛውን ምን ብለሽ ነው የሞላሽው?»
ድምፅ፦ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጥ ነገር።
ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፦ ምንጭ ጥቀስ።
ምንጩንማ
በመስኮት አሳየሁት፦ ከድልድዩ ሥር
ደፍርሶ፣ እየጮኸ ይወርዳል።